ቁልፉ ማን ኪስ ውስጥ ነው?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ተወልጄ ያደግሁት ደላንታ ነው። አሁን አዲስ አበባ እኖራለሁ። አብረን የተማርን 14 ልጆች ተሰባስበን፣ ፊደል ለቆጠርንበት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ልንሠራ ብር እያዋጣን ነው። እስካሁን 600 ሺህ ብር ደርሰናል። ሐሳባችን በብሎኬት አንድ ክፍል ሠርተን፣ መደርደሪያ አስገብተን፣ ውጭ አገር ያለ ጓደኛችን በሚልከው መጽሐፍ መሙላት ነው። እርስዎ በዚህ ሥራ ብዙ ስለቆዩ ይምከሩን። ከየት እንጀምር? ምን እንጠንቀቅ?»

እህቴ፣ ጤና ይስጥልኝ። አሥራ አራታችሁንም፣ እንደ አገራችን ሰው፣ አላህም ይስጣችሁ እግዜርም ይስጣችሁ። አሁን ወደ ጉዳዩ ልግባ።

ብሎኬቱን ለጊዜው ተዉት።

ቅር እንደሚላችሁ አውቃለሁ። ቤት ይታያል። ፎቶ ይወጣል። በሩ ላይ «የዚህ ዘመን ተማሪዎች ያሠሩት» ተብሎ ይጻፍበታል። ግን እኔ በደቡብም በሰሜንም ወሎ ሠርቻለሁ። መጀመሪያ አስተማሪ ነበርኩ፤ ኋላ ሱፐርቫይዘር ሆንኩ፤ ከዚያ ደግሞ ለገጠር ትምህርት ቤቶች ቤተ መጻሕፍት ከሚያደራጁ ሰዎች ጋር ከርሜያለሁ። በዚህ ሁሉ ዘመን የቤተ መጻሕፍት ቤት ጠፍቶ ሲቸገሩ ያየሁት ጥቂት ጊዜ ነው። ቤትስ አለ። ተቆልፎ ነው ያለው።

አንዱን ላውጋችሁ። ሰሜን ወሎ ደጋው ላይ ያለ ትምህርት ቤት ነው፤ ስሙ ይቅር። በጎ አድራጊዎች ያማረ ቤት ሠርተውለታል። ቆርቆሮው ከሩቅ ያብለጨልጫል። ከተመረቀ ሁለት ዓመት ገደማ በኋላ ሄድኩ። «ቁልፉ?» አልኩ። «ርዕሰ መምህሩ ጋ ነው።» «ርዕሰ መምህሩስ?» «ወረዳ፣ ስብሰባ ላይ።» አደርኩና በማግስቱ ተመለስኩ። መጥቶ ከፈተልኝ። የቀለሙ ሽታ ገና አልለቀቀም። ግማሹ መጽሐፍ ከካርቶኑ አልወጣም። ከወጣው ውስጥ የእንግሊዝኛ ኢንሳይክሎፒዲያ አለ፤ መካከሉ ላይ ሁለት ቅጽ ይጎድለዋል። የኮሌጅ የሒሳብ አያያዝ መጽሐፍ አለ። የሰው አገር የመንጃ ፈቃድ ፈተና መለማመጃ ሁሉ አለ። በአንዱ ግድግዳ በኩል ደግሞ የድሮው ሥርዓተ ትምህርት መማሪያ መጽሐፍ እስከ ጣሪያ ተቆልሏል።

የውሰት መዝገቡን ጠየቅኩ። አለ። በቀይ እስክሪብቶ ተሰምሯል። የተማሪው ስም፣ ክፍል፣ የመጽሐፉ ርዕስ፣ የወሰደበት ቀን፣ የመለሰበት ቀን። ከዚያ በታች አንድ ፊደል የለም።

ተናደድኩ፤ ድምፄም ከፍ ብሎ ነበር መሰለኝ። ርዕሰ መምህሩ ግን ምንም አልመለሰልኝም። ቢሮው ወሰደኝና መሳቢያውን ከፍቶ አንድ ወረቀት ዘረጋልኝ። ሞዴል 19 ነው። የንብረት ገቢ ደረሰኝ። «ይኸው፣» አለኝ፤ «እያንዳንዷ መጽሐፍ በስሜ ገቢ ሆናለች። ነገ ኦዲተር መጥቶ ሲቆጥር አንድ ብትጎድል የምጠየቀው እኔ ነኝ። ደመወዜን ታውቀዋለህ። ልጆቹ ቢያነቡ ደስታዬ ነው። ግን ከልጆቼ ጉሮሮ ነጥቄ ልክፈል?»

ምን ልበለው? እውነቱን ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ቤተ መጻሕፍት ልንሠራ ነው የሚል ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ብር አይደለም። ቁልፉ ማን ኪስ ውስጥ ነው የሚሆነው? መጽሐፍ ሲጠፋስ ማን ነው የሚከፍለው?

እስቲ ጠመኔን አስቡት። ትምህርት ቤቱ በካርቶን ይገዛል። ይጻፍበታል፤ ይሰበራል፤ ያልቃል። ጠመኔ አለቀ ተብሎ የተከሰሰ ርዕሰ መምህር ሰምቼ አላውቅም። በመንግሥት ንብረት አያያዝ አላቂ ዕቃና ቋሚ ንብረት ለየብቻ ነው የሚያዙት። ጠመኔው አላቂ ነው፤ ጠረጴዛው ቋሚ ነው። ታዲያ በስቴፕለር የተያያዘች 16 ገጽ የተረት መጽሐፍ፣ በ60 ልጅ እጅ የምትዞር፣ ወደ የትኛው ትቀርባለች? እኔን ከጠየቃችሁ ወደ ጠመኔው ናት።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራችሁ ግዢ ሳይሆን ወረቀት ነው። የስጦታ ደብዳቤ ጻፉ። መጽሐፎቹ እንዲነበቡ፣ ቤት እንዲወሰዱና እንዲያረጁ የተሰጡ መሆናቸውን በግልጽ አስፍሩ። በየዓመቱ የተወሰነው ቢጠፋ ወይም ቢቀደድ የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረቱ በቃለ ጉባኤ ይዞ ከመዝገብ እንዲያስወጣው ተስማሙ። እኔ አብዛኛውን ጊዜ ከአሥር አንድ በሚል ነው የምነጋገረው። ይህን ከትምህርት ቤቱ ጋር ብቻ አትጨርሱት። ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤቱንና ፋይናንሱንም አስቀድማችሁ አነጋግሩ፤ ኦዲተሩ የሚመጣው ከዚያ ነዋ። ደብዳቤው ላይ ማኅተም ሳያርፍ አንዲት መጽሐፍ እንዳትልኩ። በዓመቱ መጨረሻ «አንድም መጽሐፍ አልጠፋብንም» ብሎ የሚኩራራ ትምህርት ቤት ካጋጠማችሁ ደግሞ ጠርጥሩ። ካርቶኑ አልተከፈተም ማለት ነው።

ወደ መጽሐፎቹ ልምጣ። ውጭ ያለው ጓደኛችሁ ልቡ ወርቅ ነው። ግን መጽሐፍ አይላክ። ለማጓጓዣ የሚያወጣውን ብር ይላክ።

ምክንያቱን ልንገራችሁ። በ2002 ዓ.ም. በአገራችን በስምንት ክልሎች በልጆች የንባብ ችሎታ ላይ ምዘና ተደርጎ ነበር። ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ ለክፍላቸው ከተዘጋጀች አጭር ምንባብ አንዲት ቃል ማንበብ አልቻሉም። አንዲት ቃል! የተመዘኑት ደግሞ በሚማሩበት ቋንቋ ነው እንጂ በእንግሊዝኛ አይደለም። ከዚያ ወዲህ ለመምህራን ሥልጠና ተሰጥቷል፤ የመማሪያ መጽሐፉም ተሻሽሏል። ወሎ ላይ ግን ምን ምን እንዳለፈ ታውቃላችሁ። በ2012 ኮሮና መጣ። በ2014 ጦርነቱ እስከ ደሴና ኮምቦልቻ ወረደ፤ ስንት ትምህርት ቤት ወንበሩ ሳይቀር ተማገደ። ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በክልሉ በተነሳው ግጭት በርካታ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ከረሙ። ዛሬ 4ኛ ክፍል የተቀመጠ ልጅ በንባብ 1ኛ ክፍል ላይ ቢሆን አይግረማችሁ። ጥፋቱ የእሱ አይደለም።

ለዚህ ልጅ ኢንሳይክሎፒዲያ ምን ያደርግለታል? ዋናዎቹ ፊደሎቻችን ብቻ 33 በ7 ሲባዙ 231 ናቸው፤ ዲቃላዎቹን ሳንቆጥር። በዜማ ከሀ እስከ ፐ ወርዶ የሚጨርስ ልጅ «ሜ»ን ከመሃል ነጥላችሁ ብትጠይቁት ከ«መ» ጀምሮ ቆጥሮ ነው የሚደርስባት። እኔ ይህን መቶ ጊዜ አይቻለሁ። ልጁ የሚያስፈልገው ከመስመር መስመር የሚደጋገም፣ በአንድ ገጽ ከአንድና ከሁለት ዓረፍተ ነገር ያልበለጠ፣ ሥዕሉ ቃሉን የሚያግዝለት መጽሐፍ ነው። አንድ ሁለት ሳይሆን በርከት ያለ፤ ዛሬ አንዱን ጨርሶ ነገ ሌላ የሚያነሳው። አንዱን መጽሐፍ በቃሉ ከያዘው ማንበብ አቁሟል ማለት ነው፤ እየደገመላችሁ ነው።

እንግሊዝኛ ጨርሶ አይግባ አላልኩም። ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት ይሰጣል፤ የተወሰኑ ሥዕላማ መጽሐፎች ለመምህሩም ያግዛሉ። ግን አንድ ነገር ጠብቁ። ከፈረንጅ አገር የሚመጣው የልጆች መጽሐፍ ግማሹ የአሳማ ታሪክ ነው። አሳማው ቤት ይሠራል፤ አሳማው ገበያ ይሄዳል፤ አሳማው ትምህርት ቤት ይገባል። አንድ ቦታ አስተማሪዋ ጨንቋት «ከርከሮ ነው» ብላ አለፈችው። በሳምንቱ ሽማግሌዎች መጡ። እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ። መጽሐፎቹን ከሌሎቹ ሁሉ ጋር ጠቅልለን ወደ ጎን አደረግን። ሳቅ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ አመኔታውን ለመመለስ መንፈቅ ፈጅቶብናል። አሁን ማንኛውም ካርቶን ሲደርስ መጀመሪያ ከሁለቱም ወገን የተመረጡ ወላጆች ገጽ በገጽ ያገላብጡታል። የሃይማኖት ማስተማሪያም ካለ፣ የማንም ይሁን የማን፣ ወደ ላኪው ይመለሳል።

አማርኛውን ከየት እናምጣ ትሉ ይሆናል። አንደኛ፣ አዲስ አበባ ናችሁ። መጽሐፍ መደብሮቹን አንድ ቅዳሜ ዙሩ፤ የልጆች መጽሐፍ አለ። ስትመርጡ ግን እናንተ ለልጅነታችሁ የምትናፍቁትን አትግዙ። በደቂቅ ፊደል የታተመ 80 ገጽ የተረት ስብስብ ለ6ኛ ክፍል ይሆናል፤ ለ2ኛ ክፍል አይሆንም። ሁለተኛ፣ ኮድ ኢትዮጵያ የተባለው ድርጅት ለብዙ ዓመት በየገጠር ከተማው የሕዝብ ንባብ ክፍሎችን ሲያቋቁምና የልጆች መጽሐፍ ሲያሳትም ቆይቷል፤ ጠይቋቸው። ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። አፍሪካን ስቶሪቡክና ስቶሪዊቨር የሚባሉ ድረ ገጾች አሉ። አማርኛን ጨምሮ በብዙ ቋንቋ የልጆች ታሪክ በነፃ ይሰጣሉ። አውርዶ ማተም ይፈቀዳል፤ የደራሲውንና የሠዓሊውን ስም አለማጥፋት ብቻ ነው። ታሪኮቹ በደረጃ የተከፋፈሉ ናቸው። ደሴ ካለ ማተሚያ ቤት ወስዳችሁ አንዱን ገጽ ለሁለት ታጥፎ፣ ሽፋኑን ወፈር አድርጎ፣ መሃሉን ሁለት ቦታ በሽቦ እንዲሰፋ አድርጉ። ትርጉሙን ግን ከማተማችሁ በፊት አንብቡት፤ አንዳንዱ አማርኛ የማሽን የሚመስል ነው። የደላንታ ልጅ ጆሮ እንዲህ ዓይነቱን አይወድም።

አራተኛ አለ፤ እኔ የምወደው እሱን ነው። የ6ኛ ክፍል ተማሪዎችን አያቶቻቸው ዘንድ ስደዱ። «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» የማይል ሽማግሌ ወሎ ውስጥ የለም። ልጆቹ የሰሙትን ይጻፉ፤ አስተማሪው ያርም፤ ሥዕል የሚችል ልጅ ይሣል፤ እናንተ አትሙት። አንድ ቦታ እንዲህ ስናደርግ በጣም የተነበበው መጽሐፍ ከታተሙት ሁሉ ምርጡ አልነበረም። የጸሐፊው ልጅ ስም የሁሉም ጓደኛ ስም ስለሆነ ነው የተሻሙበት።

ሌላ ቦታ ሆነው ይህን ለሚያነቡ ደግሞ አንድ ቃል። የምሠራው ከሚሴ ዙሪያ ነው የሚል ኦሮምኛውን ያስብ፤ ሰቆጣ በኩል ከሆነ ኽምጣንኛውን። መጽሐፍ የሚመረጠው ልጁ በሚማርበት ቋንቋ ነው።

ይህን ሁሉ ስል ግን መማሪያ መጽሐፉን እንዳትረሱ። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በ2015 ዓ.ም. ሥራ ላይ ሲውል የመማሪያ መጽሐፍ እጥረት አገር ያወቀው ነበር። ትምህርት ቤታችሁ አንዱን መጽሐፍ ለስንት ልጅ እንደሚያካፍል ጠይቁ። ለአምስት ለስድስት ከሆነ የተወሰነው ብር እዚያ ቢሄድ ማንም አይወቅሳችሁም። ጥግ ላይ የተቆለለውን የድሮ መጽሐፍ ግን በወረዳው ፈቃድ ከክፍሉ አስወጡት። ቦታ ይዞ አይጥ ያረባል እንጂ ቤተ መጻሕፍት አያሰኝም።

አሁን «ታዲያ መጽሐፉን የት እናስቀምጠው?» ነው የሚመጣው።

የደላንታ ልጆች ናችሁና ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። አፄ ቴዎድሮስ ከየቦታው፣ በተለይም ከጎንደር፣ ያሰባሰቧቸው የብራና መጻሕፍት መቅደላ ላይ ነበሩ። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. እንግሊዞች ዘረፏቸው። የተዘረፈውን ለመጫን 15 ዝሆንና 200 ያህል በቅሎ እንዳስፈለጋቸው ተጽፏል። ሐራጁ የተካሄደውም እናንተው ሜዳ፣ ደላንታ ላይ ነው። ሦስት መቶ ሃምሳ ያህሉ ብራና ዛሬ ለንደን፣ ብሪቲሽ ላይብረሪ ውስጥ ነው። ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳምስ? አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሰባሰቡት መጽሐፍ ስሙ እስከ ዛሬ ይነሳል። በእስልምናው በኩል ዳና፣ ገታ፣ ጀማ ንጉሥ አሉ፤ ደረሳው ከየአገሩ ኪታብ ሊቀራ የሚመጣባቸው። እና ወሎ ለመጽሐፍ እንግዳ አይደለም። «የገጠር ሰው ንባብ አይወድም» የሚል ሲያጋጥማችሁ ይህን ንገሩልኝ።

ይህን ያነሳሁት ለወግ ብቻ አይደለም። አባቶች ብራናውን እንዴት ነበር የሚያስቀምጡት? መደርደሪያ ላይ አይደለም። ማኅደር፣ ማለትም የቆዳ ከረጢት፣ ይሰፉለታል፤ በጠፍር ግድግዳው ላይ ካለ እንጨት ያንጠለጥሉታል። ምስጥ አይደርስበት፣ አይጥ አይደርስበት፣ እርጥበት አይስበው። ያለ ኢንጂነር የተፈታ ችግር ነው።

እኛም ከዚያ ቀዳን። ከንጹሕ ማዳበሪያ ወይም ከወፍራም አቡጀዲ፣ ቁመቱ የሰው ያህል፣ ስፋቱ ሁለት ክንድ የሆነ ጨርቅ ይወሰዳል። ላዩ ላይ በአራት ረድፍ ኪስ ይሰፋበታል። የወረዳው ከተማ ልብስ ሰፊ በግማሽ ቀን ይጨርሰዋል። እላይ ሽመል ገብቶበት ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። መጽሐፉ ኪሱ ውስጥ ሲገባ ሽፋኑ ወደ ፊት ይታያል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ገና ማንበብ ያልለመደ ልጅ የመጽሐፍ ጀርባ አይቶ አይመርጥም፤ ሥዕሉን አይቶ ነው የሚሮጠው። ታችኛው ኪስ 1ኛ ክፍል ልጅ በሚደርስበት ቁመት ይሁን። ማታ ይጠቀለልና አስተማሪው ሣጥን ውስጥ ይገባል። በቃ፣ በየክፍሉ አንድ ቤተ መጻሕፍት አላችሁ። ቁልፍም አይፈልግ።

መደርደሪያ ካላችሁ ደግሞ እግሩ ከመሬት ይነሳ፤ ከግድግዳውም በስንዝር ይራቅ። የመደርደሪያውን እግር በቆርቆሮ ጣሳ አስገብታችሁ የተቃጠለ ዘይት አድርጉበት፤ ምስጥ አይወጣም። ልጆች እንዳይነኩት ብቻ ተጠንቀቁ።

የምድብ ቁጥር፣ ካርድ፣ ዲዊ የሚሉት የመጽሐፍ አመዳደብ ምናምን አትጨነቁበት። አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ቀለም በቂ ነው። በጣም ቀላሉ ላይ ቀይ ፕላስተር፣ ለጥቆ ቢጫ፣ ከዚያ አረንጓዴ፣ ጠንከር ያለው ላይ ሰማያዊ። ልጁ ቀዩን አምስት ካነበበ ቢጫ ይሞክር። ወደ ኋላ ቢመለስም «አንተ ትልቅ ሰውዬ፣ የሕፃን መጽሐፍ ታነባለህ?» የሚለው አስተማሪ እንዳይኖር አደራ። እሱ አንድ ቃል ስንቱን ልጅ ከንባብ እንዳስወጣ።

ሌላው፣ ትምህርት ቤታችሁን ብቻ አትዩ። እንደምታውቁት ትምህርት ቤቶች በጉድኝት የተያያዙ ናቸው። አንድ ማዕከል አለ፤ በዙሪያው ሳተላይቶቹ። ማዕከሉ ብዙ ጊዜ መንገድ ዳር ነው፤ እርዳታውም እዚያ ይቆማል። ገደሉን ወርዶ ያለው ትምህርት ቤት አንድ መጽሐፍ ሳያይ ይቀራል። ስለዚህ ሣጥን ሥሩ። አንዱ ሣጥን 50 መጽሐፍ ይይዛል። አንድ ወር እዚህ፣ አንድ ወር እዚያ። ሱፐርቫይዘሩ ሲዞር ይቀያየራል፤ መኪና ካልገባ አህያ አለ። አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሲሠሩ ቆይተው አገር ቤት የተመለሱ ሰው ናቸው። በ1995 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሾላ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፍተው፣ ኋላ ሐዋሳ ላይ በአህያ የሚጎተት ቤተ መጻሕፍት አስጀመሩ። እዚያ ጋሪ ይሄዳል። የእኛ አገር ቁልቁለት ጋሪ አይቀበልም፤ ጭነት ነው የሚሻለው። ሣጥኑን ሁለት አድርጋችሁ፣ ግራና ቀኝ እኩል እንዲመዝን።

አንድ አስተማሪ ላይ ብቻ ሥራውን አትጫኑ። አንደኛ ደረጃ ላይ ለቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ በጀት መኖሩ ብርቅ ነው። የተመደበው አስተማሪ የራሱን ክፍለ ጊዜ ጨርሶ በነፃ ነው የሚሠራው፤ መስከረም ላይ በጉጉት ይጀምርና ታኅሣሥ ላይ ይደክመዋል። ከ5ኛና ከ6ኛ ክፍል ስድስት ልጆች ምረጡ፤ ሦስቱ ሴቶች። መዝገቡን እነሱ ይያዙ። ቀለሙን እነሱ ይለጥፉ። የተቀደደውን በማጣበቂያ እነሱ ይጠግኑ። እንደ ሹመት ነው የሚያዩት። አስተማሪው ዓርብ ዓርብ ያያል። ርዕሰ መምህሩን የምትለምኑት አንድ ነገር፣ በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ «ንባብ» ተብሎ በፕሮግራሙ ላይ እንዲገባ ነው። በዚያች ክፍለ ጊዜ አስተማሪው መጽሐፍ ይዞ ለልጆቹ ጮክ ብሎ ያንብብላቸው። ማስረዳት የለ፣ ጥያቄ የለ፣ ማስታወሻ መጻፍ የለ። ሚኒ ሚዲያ ካላቸው ጠዋት ከሰልፍ በኋላ አንድ ገጽ ይነበብና ልብ የሚሰቅለው ቦታ ላይ ይቁም። የቀረውን የፈለገ መጽሐፉን ይዋስ።

ከትምህርት ቤቱ ግቢ ውጭ ያለው ሥራ የቅሬው፣ አዲስ አበባ እድር የምትሉት፣ ነው። በወላጅ ስብሰባ ላይ የሚመጣው ጥቂት ነው። ቅሬ ላይ ግን ሁሉም አለ። እዚያ ተነስታችሁ አንድ ነገር ብቻ ተናገሩ። «ልጃችሁ መጽሐፍ ይዞ ይመጣል። ቢጠፋ፣ ቢቀደድ፣ ገንዘብ አትጠየቁም።» ይህ ካልተነገረ እናትየው መጽሐፉን ራሷ ትመልሰዋለች። አይቻለሁ። ልጅቷ በደስታ ይዛው የሄደችውን መጽሐፍ እናቷ በማግስቱ በነጠላዋ ጠቅልላ አምጥታ «ውሰዱልኝ፣ ኋላ ዕዳ እንዳይሆንብኝ» አለች።

ፍርሃቱ ሲለቅ ደግሞ የሚሆነውን ማየት ነው። ከብት ጥበቃ ላይ ይነበባል። ማታ ለአያት ይነበባል። አያትየው ፊደል አትቆጥርም፤ ተረቱን ግን ታውቀዋለችና «እንደሱ አይደለም፣ ተሳስተሃል» ትላለች። አንድ ጊዜ ጥጓን ፍየል የበላቻት መጽሐፍ ተመለሰች። ልጁ እያለቀሰ ነው ያመጣት። መዝገብ ያዡዋ ልጅ «ፍየል» ብላ በአስተያየት ቦታው ጻፈችና ሌላ ሰጠችው። እኔ ለዚያች መዝገብ ማዕረግ ብሰጣት ደስ ይለኛል።

ክረምቱን በሚመለከት ብዙ ሰው የሚከራከረኝ ሐሳብ አለኝ። ሐምሌና ነሐሴ ትምህርት ቤቱ ዝግ ነው። የደላንታን ጉም ታውቁታላችሁ። ተዘግቶ የከረመ ክፍል ውስጥ ያለ ወረቀት ይሻግታል፤ አይጡም ብቻውን ይሰለጥንበታል። ስለዚህ ሰኔ ላይ ሁሉንም አውሱ። እያንዳንዱ ልጅ ሁለት ሁለት ይውሰድ። መጽሐፎቹ በየቤቱ፣ ጭሱ ባለበት፣ ሰው ባለበት ይክረሙ። መስከረም ላይ የተወሰነው ሳይመለስ ይቀራል። ይቅር። ለክረምት ንባብ የከፈላችሁት ዋጋ ነው።

ስለ ገንዘቡ በአጭሩ። 600 ሺሁን በአንድ ጊዜ አታውጡ። ግማሹን በመጀመሪያው ዓመት፣ የቀረውን ለሁለተኛውና ለሦስተኛው አቆዩ። ልጆቹ የትኛውን እንደሚሻሙበት የምታውቁት በሁለተኛው ዓመት ነው፤ ያኔ ያንኑ ታስጨምራላችሁ። ለአስተማሪዎች የሁለት ቀን ሥልጠና ካሰባችሁ ለመጓጓዣቸውና ለሻይ ቡናቸው መድቡ። ያለ አበል ይምጡ ማለት አያዋጣም፤ አታስቀይሙ። ርክክቡን በፊርማና በደረሰኝ አድርጉ፤ ብሩም በአንድ ሰው የግል ሒሳብ ባይቀመጥ ይመረጣል። ኋላ ሥራው ሰፍቶ ቋሚ ድርጅት ልንሁን ካላችሁ በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት ሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ዘንድ መመዝገብ ነው። አሁን ለአንድ ትምህርት ቤት ከሆነ ከትምህርት ቤቱና ከወረዳው ጋር በመፈራረም ጀምሩ።

ከመጫናችሁ በፊት ደግሞ መንገዱን ጠይቁ። ትምህርት ቤቱ ክፍት መሆኑንም። በዚህ ጊዜ ወሎ ውስጥ ሁለቱም የሚጠየቅ ነገር ሆኗል።

ሦስተኛው ዓመት ላይ ብሎኬቱን እንደገና አንሱት። መዝገቡ ሦስት ጊዜ ሞልቶ ከተቀየረ፣ ልጆቹ በረንዳ ላይ ተጣብበው ካነበቡ፣ ያኔ ቤት ይገባቸዋል። እኔም አብሬ አሸዋ አመላልሳለሁ። መስኮቱን ሰፋ፣ ደፉን ዝቅ አድርጉት፤ ልጅ ተቀምጦ የሚያነብበት ይሁን።

እስከዚያው አንድ የቤት ሥራ ልስጣችሁ። ነገ ለርዕሰ መምህሩ ደውሉ። ምን ያህል መጽሐፍ አላችሁ ብላችሁ አትጠይቁ። «ባለፈው ሳምንት ስንት ልጅ መጽሐፍ ይዞ ቤቱ ሄደ?» በሉት። ከመለሰላችሁ በኋላ የምትገዙትን ዝርዝር ላኩልኝ፤ አየዋለሁ። አሳማ ካለበት ግን ቀድሜ ተናግሬያለሁ።